የሐኪም ፈቃድ የሌለን በጎ ፈቃደኞች የድሆችን እንስሳት ክሊኒክ መምራት እንችላለንን?

ውሰታ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ጉዳዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስድስት ሰዎች ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት የአቅመ ደካሞችን እንስሳት በነጻ የምናክምበት አነስተኛ ክሊኒክ ከከፈትን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል። ክሊኒክ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት እናት ያለ ኪራይ የለቀቁልን የቆርቆሮ መጠለያ፣ እንስሳው ገብቶ የሚቆምበት የባሕር ዛፍ አጥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የበረዶ ሣጥን ብቻ ነው። ከስድስታችን መካከል የእንስሳት ሐኪሙ አንድ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የቀሩት አንዲት የጤና ባለሙያ፣ አንድ ባለ ሱቅ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። ሰብሳቢ የሆንኩት ከሌሎቹ እበልጣለሁ ብዬ ሳይሆን በዚያ ስብሰባ ላይ እንቢ ለማለት የዘገየሁት እኔ በመሆኔ ነው።

የሚመጡልን ሰዎች ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ውኃና አሸዋ በአህያ የሚያመላልሱ ወጣቶችና ባለ ጋሪዎች ናቸው። ውሻቸው ለእነርሱ ጌጥ አይደለም። አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ያመጧት አንድ ዓይና ውሻ በላስቲክ የተሸፈነ ቤታቸው ብቸኛ በር ናት ማለት ይቻላል።

አሁን ሐኪማችን ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ምትክ እስኪገኝ እንዝጋ ይላሉ። ሦስቱ ደግሞ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ሲሠራ አይተናል፣ የትል መድኃኒት መስጠትን፣ ቁስል ማጠብንና መከተብን ለምደናል፣ ስለዚህ እንቀጥል ባዮች ናቸው። የእኔን ድምፅ እየጠበቁ ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው የሕክምና ድርጅትን ሊመራ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው? በተጨማሪ ከባለ እንስሳቱ ጥቂት ገንዘብ መቀበል ተገቢ መሆን አለመሆኑን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የጮቄ ንፋስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

መምህር፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጥያቄዎ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጆንያ የከተተ ስለሆነ ለያይቼ ልመልስ።

መምራት ይችላሉ። እንዲያውም ሐኪሙ ራሱ ባይመራ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሐኪም የታመመ እንስሳ ፊቱ ቆሞ እያየ ስለ ኪራይ፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ነገ ማሰብ ያቅተዋል። እኔ በራሴ ስላየሁት ነው የምናገረው። ማከም ግን አይችሉም፤ «ሲሠራ አይተናል» የሚለው ክርክርም አደገኛ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ፕሮካይን ፔኒሲሊን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝና በጡንቻ የሚወጋ ተራ መድኃኒት ነው። መርፌው በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ግን ፈረሱ ዓይንዎ እያየ ተንቀጥቅጦ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። መርፌውን ሲወጋ አሥር ጊዜ ያየ ሰው፣ ሐኪሙ ከመግፋቱ በፊት ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመኖሩን ማረጋገጡን ላያስተውል ይችላል።

የትል መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው። አይቨርሜክቲን በእንስሳው ክብደት ልክ ይሰጣል። በግምት አሳንሶ መስጠት ለጊዜው እንስሳውን የሻለው ቢመስልም መድኃኒቱን የለመደ ትል እያራባ ይሄዳል። የአህያን ክብደት ለመገመት ደረቷን በሜትር የሚለካ ሠልጣኝ ይበቃል፤ መጠኑን የሚወስነውና የሚፈርመው ግን ሐኪም መሆን አለበት።

ሐኪም ባይኖርም የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። የኮርቻና የማሰሪያ ቁስል ማጠብ አንዱ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ ወደ 9 ግራም ጨው ጨምሮ ቁስሉን ደጋግሞ ማጠብ ሕዝባችን ከለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እጅግ ይሻላል። ድብዳብ መስፋት፣ ማሰሪያ ማስተካከል፣ ባለቤቶችን ማስተማር፣ መዝገብ መያዝ፣ በቀጠሯቸው ያልመጡትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ይህን ሁሉ እናንተ ከእኔ በተሻለ ትሠሩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ያለዎት አንድ አጥር ነው። የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ በተርታ እያቆሰለ መግል የሚያወጣው የፈንገስ በሽታ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ከጸና ደግሞ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው። ያንን ፈረስ ባቆማችሁበት አጥርና ባሰራችሁበት ገመድ ጤነኛውን ካቆማችሁ ክሊኒኩ ራሱ የበሽታ መናኸሪያ ይሆናል።


ዝም አልልም
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ቅር አይበላችሁና፣ ሰው ለልጁ መድኃኒት መግዣ ባጣበት አገር ለውሻ ነጻ ክሊኒክ መክፈት የቅንጦት አይመስላችሁምን? ስድስት የተማሩ ሰዎች ቅዳሜያቸውን ለሰው ቢያውሉት ኖሮ ይህን ያህል መከራከር ባላስፈለገ ነበር።


የቢቸናዋ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ «ዝም አልልም»፣ እኔ የምሠራው በሰው ጤና ጣቢያ ስለሆነ መልሱን እኔ ልስጥ።

በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ቁጥር 59,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ የሚገኙ ናቸው። ከሚነከሱት ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ውሻን ይቀርባል፣ ሲነከስም ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ብለው ይያዙት። ውኃ ስናቀርብለት ጉሮሮው እየታነቀ የሚያለቅስ ልጅ አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው የውሻ ክትባትን ቅንጦት አይለውም።

ነጻ ሕክምና የሚያገኘው ውሻ ብቻ ቢመስልም የሚጠበቀው ሠፈሩ ነው። የሀብታሙ ውሻ በግቢ ታጥሮ፣ ተከትቦም ሊኖር ይችላል፤ ቀን መንገድ ለመንገድ ሲዞር ውሎ ሌሊት የሚጠብቀው የድሃው ውሻ ነው። ክትባቱ ካልደረሰው መከራው የሚደርሰው በዚያው ድሃ ልጅ ላይ ነው።

ለመምህሩ ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው፣ ክሊኒካችሁ የሚመጣን ሰው ሁሉ ይህን አስተምሩት፦ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበሉንም ባህላዊ መድኃኒቱንም አንቃወምም፤ ነገር ግን እጥበቱና ክትባቱ ይቅደም። ይህን እየተከራከርኩ ሳይሆን እየለመንኩ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ዘግይተው የሚመጡብን በአብዛኛው ሌላውን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ውሻ የምትይዙት በጎ ፈቃደኞች ራሳችሁ ቅድመ መከላከያ ክትባት ወስዳችኋልን? ካልወሰዳችሁ ሰብሳቢው የመጀመሪያ ሥራዎ እሱ ነው።


ጋሪ ነጂው (ፍኖተ ሰላም)
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሐኪሞቹ ያላነሡት ነገር ስላለ ልጻፍ። እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። የፈረሴ ደረት ማሰሪያው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነበርና በላው። ነጻ ሕክምና ወደሚሰጥ ቦታ ወሰድኩት፤ አጠቡልኝ፣ ቅባት ሰጡኝ፣ «ሁለት ሳምንት አታሠራው» ብለው አሰናበቱኝ። አመሰገንኩ። በማግሥቱ ግን ጠምጄው ወጣሁ፣ ምክንያቱም ፈረሱ ሁለት ሳምንት ከቆመ እኔም ሁለት ሳምንት እቆማለሁ፣ ልጆቼም ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ይቆጡኛል ብዬ አፍሬ ወደዚያ ቦታ አልተመለስኩም። ቁስሉም ዳነ ሳይባል ጠባሳ ሆኖ ቀረ።

መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንም ዕረፍቱ ነጻ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ ማሰሪያውን ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ፣ ከሥሩ ጆንያ በጨርቅ ሸፍኖ ቢሰፋልኝ ኖሮ እየሠራም ይድን ነበር። ይህን ለማድረግ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ኮርቻ ሰፊ ይበቃል። መምህር፣ ኮሚቴያችሁ ውስጥ አንድ ባለ ጋሪ አለን? ከሌለ አስገቡ።


ውሰታ ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ጋሪ የለንም፤ ይህን ሳነብ አፈርኩ።

ዶክተር የጻፉልኝን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ያልነገርኳችሁን ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ባለፈው ክረምት ሐኪማችን ለቤተሰብ ጉዳይ ሄዶ ስለነበር የክትባቱን ቀን እኛው አስተናገድነው። ክትባቱ የሚቀመጠው በአንድ ጭማቂ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ለምን ያህል ሰዓት እንደጠፋ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ጠዋት ከማቀዝቀዣው ሳወጣው ብልቃጡ እጄን አልቀዘቀዘኝም። በውስጤ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» አልኩ፤ ደጃፉ ላይ ግን ውሾቻቸውን በገመድ የያዙ ልጆች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ተሰልፈው ነበርና እንዴት አድርጌ ልመልሳቸው? 23 ውሾች ተከተቡ፣ ለባለቤቶቹም ካርድ ጻፍን። ሐኪሙ ሲመለስ ብልቃጦቹን አይቶ የጠየቀኝ «ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?» ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞረን 19ኙን አገኘናቸው፣ እንደገናም ተከተቡ። አራቱን እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም። ካርዳቸው ግን በባለቤቶቻቸው እጅ አለ፣ «ተከትቧል» ይላል።

በጉዳዩ ላይ ድምፄን ያልሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው።


የጮቄ ንፋስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

መምህር፣ መናገርዎ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ብዙ ሰው ካርዱን ቆጥሮ ሪፖርት ያደርግ ነበር።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየት አለበት። ሲሞቅ ይበላሻል፣ በረዶ ሲሆንም ይበላሻል፣ ስለዚህ ብልቃጡን በቀጥታ በበረዶ ላይ ማስቀመጥም ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው፣ የተበላሸ ክትባት በዓይን ታይቶ የማይለይ መሆኑ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞ ሜትር ግዙ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚነበብበትን ወረቀትም በሩ ላይ ለጥፉ። መብራት በሚጠፋበትና መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ክትባቱን አስቀድሞ ማከማቸት ራሱ አደጋ አለው፤ በቀኑ ከመንግሥት ክሊኒክ ተረክባችሁ በቀኑ የተረፈውን የምትመልሱበት ስምምነት ብታገኙ ይመረጣል።

ያልተከተበ ውሻ ባለቤት ይጠነቀቃል። የውሸት ካርድ የያዘ ባለቤት ግን ልጁ ሲነከስ «ተከትቧል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። አራቱን ቤቶች ፈልጓቸው።

ስለ ክትባት ሽፋን ደግሞ ይህን ልጨምር። በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ እንዳይዛመት ለማቆም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ ከየቀበሌው ጥቂት ጥቂት ከመሰብሰብ አንዱን መንደር ጠራርጎ መጨረስ ይሻላል። አንዳንድ ከተሞች ውስጥ እንደሚደረገው መርዝ የተቀባ ሥጋ መበተን ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል፣ በሞቱት ቦታ ደግሞ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ።


ባለ ደብተሩ (ባሕር ዳር)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ የእንስሳቱን ጉዳይ ለሐኪሞቹ ትቼ ስለ አወቃቀሩ ልናገር።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር የሚባለው አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉትና ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ውሳኔ ሰጪ የሆነበት ድርጅት ነው። እናንተ ስድስት ናችሁ፣ ቁጥሩ ይበቃል። ነገር ግን አዋጁ በዋናነት የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያሉትን ነው፤ በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ ለመሥራት ካሰባችሁ መሄድ ያለባችሁ ክልሉ ሥልጣን ወደ ሰጠው አካል ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመለሳል። ከመድኃኒት ጋር በተያያዘ ደግሞ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ስላለ፣ መድኃኒት ማከማቸትም ሆነ ማደል «ለጽድቅ ነው» በሚል ብቻ አይታለፍም። ዶክተሩ ከነገሩዎት ጋር ይስማማል።

አመራሩን በተመለከተ ግን ሩቅ አገር ሄደን ሞዴል መፈለግ የለብንም። ዕድራችሁን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ቤት ኃላፊ አለው። ዳኛው ገንዘቡን አይነካም፤ ገንዘብ ያዡ ያለ ጸሐፊው ፊርማ አያወጣም፤ ድንኳን የሚያበድረውም ሌላ ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱም የቀብር ባለሙያ አይደለም፣ ዕድሩ ግን ይሠራል። በእናንተም ዘንድ ሐኪሙ የዳኛው ታዛዥ መሆን የለበትም። «ዛሬ አይታከምም» ሲል ማንም የማይሽረው ሥልጣን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ይጻፍለት። ዳኛው ደግሞ «ዛሬ አንከፍትም» የማለት ሥልጣን ይኑረው። እርስዎ በዚያን ቀን የጎደለዎት እውቀት አልነበረም፤ ብልቃጡ እንዳልቀዘቀዘ እጅዎ ነግሮዎታል። የጎደለዎት ይህ የተጻፈ ሥልጣን ነው።

ስለ ክፍያ፦ ያለው ይክፈል፣ የሌለው በጉልበቱ ይርዳ፤ ውኃ ይቅዳ፣ አጥር ይጠግን። መጠኑን ሰው ፊት አትጠይቁ። የተከፈለውን ሁሉ ግን በደረሰኝ አድርጉት፣ 20 ብርም ብትሆን።


ቡሬ በር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

እኔም በሌላ ከተማ እንዲህ ባለ ሥራ ሁለት ዓመት አገልግዬ ወጥቻለሁ፤ ለምን እንደወጣሁ ልንገራችሁ። መሥራቹ ደግ ሰው ነበር፣ ደግነቱ ግን ማንንም አያስጠጋም። የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ በኪሱ፣ የለጋሾቹ ስልክ በእሱ ስልክ ውስጥ፣ የመዝገቡ ደብተር በቤቱ ነበር። ሌሊት በ8 ሰዓት አህያ ፌስታል ዋጠች ብለው ሲደውሉለት ይሄድ ነበር። እኛ ደግሞ እሱ ሲጠራን ብቻ የምንመጣ ረዳቶች ነበርን። ሲታመም ሥራው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቆመ። ሱሪው ኪስ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሚስቱን ለመጠየቅ አፈርን።

መምህር፣ ዛሬ ማታ እርስዎ ቢታመሙ ቅዳሜ ማን እንደሚከፍት ያውቃሉን?


ዝም አልልም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

የቢቸናዋን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ውሻ ክትባቱ የተናገርኩትን አነሣለሁ። ስለ ሌላው ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ፤ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ የድመት ዓይን ከማከም የአህያዋን ጀርባ ማስቀደም አይገባምን? ቤተሰብ የምታበላው አህያዋ ናትና።


ጋሪ ነጂው (ፍኖተ ሰላም)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

በዚህ እስማማለሁ። ግን ድመቷን ይዛ የመጣች አሮጊት ፊት ቆሞ ይህን የሚናገረው ማን ነው? እኔ አልችልም።


የቢቸናዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

እኛ ጤና ጣቢያ በየቀኑ እንናገረዋለን። ማን እንደሚቀድም በር ላይ አስቀድሞ ከተለጠፈ ሰው ይረዳል፣ የሚያስቆጣው በመጣበት ሰዓት በሰው ፊት ሲወሰንበት ነው።


ውሰታ ማዶ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

የደረሰውን ላሳውቃችሁ። ሐሙስ ማታ ተሰብስበን ሁላችንም ደንቡ ላይ ፈረምን። ሐኪም በሌለበት ቀን መርፌ አይነሣም፤ ቁስል ማጠብ፣ ድብዳብ መስፋትና ምዝገባ ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከዚያ የጭነት እንስሳት፣ ከዚያ ሌላው። ተላላፊ ቁስል ያለበት ፈረስ ከአጥሩ ውጭ በራሱ ገመድ ይታያል። አንድ ባለ ጋሪና አንድ ኮርቻ ሰፊ አባል ሆነዋል። ቁልፉ ሦስት ቦታ ተባዝቷል። ሐኪማችን ባሕር ዳር ከሄደ በኋላ በወር አንድ ቅዳሜ እንዲመጣ ተስማምተናል፤ በባሕር ዳርም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ መምህራንን ለመጠየቅም ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው።

ከአራቱ ውሾች ሦስቱን አገኘናቸው። አንዱ ሞቷል፣ በመኪና ተገጭቶ ነው ይላሉ። ሁለቱን ሐኪማችን ትላንት ሊከትባቸው ነበር፤ ዓርብ ሌሊት ግን መብራት ጠፋ። ጠዋት የማቀዝቀዣውን በር ስንከፍት ቴርሞ ሜትሩ 13 ያነብባል። ከደጅ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ካፊያም ጀምሯል። ወጥቼ ዛሬ ክትባት እንደሌለ፣ ለምን እንደሌለም ነገርኳቸው፤ ጸሐፊያችን ጃንጥላ ይዘው ስም መዘገቡ። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ባለፈው መብራት ጠፍቶ ከትባችሁልን አልነበረም?» አለኝ። «አዎ፣ ተሳስተን ነበር» አልኩት። ውሻውን ጎትቶ ሄደ።

ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ግን አልሄዱም። ውሻቸውን ከእንጨቱ ሥር አስረው፣ ከኮርቻ ሰፊው አጠገብ ተቀምጠው፣ የጆንያ ክር ሲያቀብሉት አረፈዱ።